አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት

እውነተኛ ስሟን መታወቂያዋ ላይ ካልሆነ የትም አታገኙትም። ሰፈሩም፣ የሥራ ቦታውም፣ የገዛ ወንድሟም የሚጠሯት ውኃ ልክ እያሉ ነው። ስሙን ያወጡላት አብረዋት ሊሾ የሚያፈሱት ሠራተኞች ናቸው። በር ላይ ቆማ ወለሉን አንድ ጊዜ በዓይኗ ገረፍ ታደርግና "ያ ጥግ ግማሽ ጣት ወርዷል" ትላለች። አላምንም ያለ ሰው እውነተኛውን ውኃ ልክ ያመጣል፣ ያጋድማል፣ አረፋዋ ወዴት እንደሄደች ያያል፣ ከዚያ ሲሚንቶውን እንደገና ማቡካት ይጀምራል።

ቁመቷን በተመለከተ ግን ፈጣሪ ቸኩሎ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሞልቷታል፤ ከኋላ ያያት ሁሉ ግን ተማሪ ትመስለውና "አንቺ ልጅ፣ እናትሽ የት ሄዳ ነው?" ይላታል። ዞር ስትልበት ይደነግጣል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። እሷም ለምዳዋለችና "እናቴ ስትመጣ እነግርልሃለሁ" ብላ አስቃው ታልፋለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሊሾ ሠርታለች። ወንድሟ ረጅም፣ ድምፁ ከርሱም የረዘመ፣ ሲናደድም ሲደሰትም የሚጮኽ ሰው ነው። ቤታቸው ግድግዳ ይጋራል፤ ጠዋት ጠዋት በጡጫ ሦስት ጊዜ ይደበድበዋል፣ እሷም አንድ ጊዜ ትመልሳለች፣ ይህ ለሁለቱ ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ ነው። ከዚያ ተያይዘው ይወጣሉ። የሊሾ ሥራ እንግዲህ ተንበርክኮ ነው። ወደ ኋላ እየተሳቡ፣ በማለስለሻ እየዳበሱ፣ ከበሩ እስኪወጡ ድረስ። ባለፈው ዓመት ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋ ጀመር። ሐኪሙ የተነሳችውን ራጅ በመብራት አየና "እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ሥራውንም ጉልበቱንም አንድ ላይ መያዝ የለም" አላት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቧ የሸፈተው ሐኪሙ ሳይነግራት በፊት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የአሸዋ መኪናው ሾፌር ታሞ ቀረና ሥራው ሊቆም ሆነ። እሷ ብርድ ልብስ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አነጠፈች፣ ወጣች፣ ነዳችው። መንገድ ዳር የነበረው ሰው መሪው ብቻውን የሚዞር መስሎት ተበታተነ። ከዚያን ቀን ወዲህ አሸዋ ማመላለሱ የሷ ሆነ። ፈቃድ አወጣች፤ ቀጥላ የአውቶቡሱንም ተፈትና አወጣች። የከተማው አውቶቡስ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ሰው መስኮቱን ሲያይ እሷ የሾፌሩን እጅ ታያለች። እንዴት እንደዞረ፣ ፍሬኑን የት ጋ እንደነካ፣ ተሳፋሪው ተንገዳግዶ እንደሆነ። "እኔ ብሆን ቀስ አድርጌ ነበር የምይዘው" ትላለች ለራሷ። እንዲህ እያለች ስድስት ዓመት አለፈ።

ለምን አላመለከተችም ብትሉ፣ ማስታወቂያው በየዓመቱ "ጾታ፦ ወንድ" ስለሚል ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ምናልባት አንድ ጊዜ ተጻፈና እየተገለበጠ ሄደ።

ዘንድሮ ግን ማዘጋጃ ቤቱ አንድ አዲስ ክፍል ከፈተ። በሩ ላይ "የሥራ ዕድል እኩልነት ክፍል" ይላል። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ባለመነጽር ጎልማሳና አንድ ቀይ እስክሪብቶ አለ። የባለመነጽሩ ሥራ ማንኛውም የቅጥር ማስታወቂያ ሳይለጠፍ በፊት ማንበብና በየመስፈርቱ አጠገብ "ለምን?" ብሎ መጻፍ ነው። ምክንያት የመጣለት ይቀራል፣ ያልመጣለት ይሰረዛል። የአትክልተኛው ማስታወቂያ "ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ" ይል ነበር፤ "ለምን? ጽጌረዳዋ ትፈትነዋለች?" ብሎ ሰረዘው። የጥበቃው ደግሞ "መልከ መልካም" ይል ነበር፤ ለዚህኛው ለምን ተብሎ ቢጠየቅ እኔ ነኝ የጻፍኩት ብሎ የሚወጣ ጀግና ጠፋ። የአውቶቡሱ ማስታወቂያ ሲደርሰው "ወንድ። ለምን?" አለ። መልስ አልመጣም፣ ሰረዘ። ቀጥሎ "ቁመት፦ ከአንድ ሜትር ከስድሳ አምስት የማያንስ። ለምን?" አለ። ለዚህ መልሱ በእግሩ መጣ።

የመጡት የሾፌሮቹ አለቃ ናቸው። ሰው ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል። አስራ አራት ዓመት ያለ አንድ ጭረት የነዱ፣ ለዘመድም ለባዳም የማያዳሉ፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና "እግር ፔዳሉ ጋ ካልደረሰ ፍሬን በጸሎት አይያዝም" አሉ።

"ማስረጃ አለዎት?" አለ ባለመነጽሩ።

"ማስረጃው እኛው ነን! አርባ ሾፌር፣ አርባችንም የጋራዡን የቁመት መስመር አልፈን የገባን።"

ባለመነጽሩ ከመስፈርቱ ጎን "ተቃራኒ ማስረጃ ከተገኘ የሚሰረዝ" ብሎ በትንሹ ጻፈና ተወው።

ውኃ ልክ ማስታወቂያውን ያነበበችው ግድግዳ ተደግፋ እየሳቀች ነው። "ወንድ" የሚለው ቀርቷል! ቁመቱን አየችና ሳቋ ቆም አለ። የሌላውን ሁሉ ስትለካ ኖራ ራሷን ለክታ አታውቅም፤ ግን ለዚህ ሜትር አያስፈልግም። ያም ሆኖ ልትመዘገብ ቆረጠች። ቢመልሷት ልትከራከር፣ ክርክሩንም በመንገድ እየተለማመደች ሄደች።

የምዝገባው ቀን የአውቶቡስ ጋራዡ ግቢ በሰው ተሞልቷል። አውቶቡሶቹ አፍንጫቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተደርድረዋል፣ መካኒኮቹ ከሥራቸው ይልቅ ሰልፈኛውን ያያሉ፣ ዘይትና ጎማ ይሸታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከክሊኒክ የቁመት ወረቀት ያመጣ በወረቀቱ ይታያል፤ ያላመጣ ጋራዡ ውስጥ በበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም በተሰመረው መስመር ይለካል። ጋሽ ሜትር ከመስመሩ ሥር ጠረጴዛ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

ከውኃ ልክ ፊት አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ወረቀቷን ሰጠች። ጋሽ ሜትር ቀና ሳይሉ አነበቡና "አንድ ሜትር ከስድሳ። አምስት ጎደለ። ቀጣይ" አሉ። ወጣቷ ወረቀቷን ተቀብላ ወጣች።

"ወረቀት?" አሏት ውኃ ልክን።

"የለኝም።"

ቀና ብለው ሲፈልጓት ጊዜ ወሰደባቸው። "እመቤት፣ ባትደክሚ ይሻል ነበር" አሉ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። "ለማንኛውም ጫማሽን አውልቂና ቁሚ።"

ቆመች። ማስመሪያውን አናቷ ላይ አጋደሙ፣ ፀጉሯን ጫን አደረጉት፣ መስመሩን አዩ። እንደገና ጫኑት። እንደገና አዩ። ማስመሪያው ከቀዩ መስመር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከፍ ብሎ ነበር። ጋሽ ሜትር ዓይናቸውን አሹ። ሰውየው ግን ሐቀኛ ናቸውና "መስመር አይዋሽም። አልፈሻል" ብለው ጻፏት።

ክርክሯ ሁሉ ሥራ ፈታ። ደስታ በደስታ ሆነች፣ መካኒኮቹን ሁሉ ልትስማቸው ቃጣት። በዚህ ሆና ጫማዋን ለማሰር ተንበረከከች፤ ተንበርክካ ደግሞ የምታየው የለመደችውን ነው። የበሩ የታችኛው ማጠፊያ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የበሩ ግርጌ በመጋዝ ተቆርጧል፣ ቀለሙም እዚያ ጋ የለም። የግድግዳው ሶኬት ከቁርጭምጭሚት አይበልጥም፤ ሶኬት እዚያ የሚያስቀምጥ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ አልተወለደም። በዓይኗ ገረፍ አደረገችው። ሁለት ሊሾ። አሮጌው ላይ አዲስ ፈሶበታል፤ አስራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቢያንስ። መስመሩ የተሰመረው ከታችኛው ወለል ነው፣ ሰዉ የሚቆመው ግን ከላይኛው ላይ ነው።

ቁመት የጨመረላት የሆነ ሰው ሊሾ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቧ ሆድ ይፍጀው የሚል ነው። እውነቱን እንነጋገርና የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ይኸው ነው። አልሰረቀች፣ አልዋሸች፣ ቁሚ አሏት፣ ቆመች። አራት ቦታ አለ፣ ያለፈው ዘጠኝ ሰው ነው፣ በመንዳቱ ደግሞ ማንንም አትፈራም። ጫማዋን ጥብቅ አድርጋ አስራ ወጣች።

በሩ ላይ ያቺ ወጣት የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወረቀቷን እያጠፈች፣ መልሳ እየዘረጋች ነበር።

"አለፍሽ?" አለቻት።

"አለፍኩ።"

"እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ!" ብላ ብድግ አለች። ከልቧ ነው ያለችው። ብድግ ስትል ግን ግንባሯ ከውኃ ልክ አናት ጋር እኩል ሆነ። ወጣቷ ወደ ታች አየቻት፣ እግሯን አየች፣ እንደገና አናቷን አየች። "በምን ጫማ ነው የተለካሽው?" አለች።

"በባዶ እግሬ።"

ወጣቷ ወረቀቷን እንደገና ዘረጋች። "እንግዲያው የኔ ክሊኒክ ነው ችግሩ" አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። "ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። በየዓመቱ ስድሳ ይሉኛል፤ አምናም ካቻምናም ወንድ የሚለው ላይ ሳይደርሱ በቁመት ነው የመለሱኝ።"

ውኃ ልክ አውቶቡሱን ስትነዳ ታያት፣ ያቺን ልጅም መንገድ ዳር ቆማ ታየቻት፤ ዛሬም፣ ነገም፣ በየፌርማታው። በራሷ ተናደደች፣ በወለሉ ተናደደች፣ ወለሉን ባፈሰው ሰውም ተናደደች፣ የበሩን ግርጌ እንደ ሰው እንኳ አልቀባውም። "ነይ ተከተይኝ" አለቻትና ተመለሰች።

ባለመነጽሩ ምዝገባውን ሊታዘብ ግቢው ውስጥ ነበር። ነገሩን ከአፍ እስከ ገደፉ ስትነግረው ቀይ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ያዘ፣ ግን ምንም አልጻፈም። "እመቤት" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይህ እውነት ከሆነ እርስዎም እኮ አላለፉም።"

"ገብቶኛል።"

"መስፈርቱ ቢሰረዝ እንኳ የተመለሰው ሁሉ ይጠራል። ሰዉ ይበዛብዎታል።"

"እሱም ገብቶኛል። አሁን መዶሻና መሮ ይስጡኝ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።"

ጋሽ ሜትር ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። "ይህ መስመር እኔ ሳልቀጠር በፊት የተሰመረ ነው!" ብለው ጮኹ። "ሊሾውም እርስዎ ሳይመጡ፣ መስመሩ በተሰመረ በዓመቱ ነው የፈሰሰው" አለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከአውቶቡስ ሥር ሆኖ፣ "ዝናብ እየገባ ሲያስቸግረን። እኔ ራሴ አሸዋ ተሸክሜያለሁ። ጠያቂ የለም እንጂ።"

ውኃ ልክ ጥጉ ላይ ተንበረከከች። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጡብ የምታህል ጉድጓድ ቆፈረች፤ ከሥር የድሮው ወለል ግራጫ ሆኖ ብቅ አለ። ከኪሷ የሚጠቀለለውን ሜትሯን አወጣች። አስራ ሁለት። ባለመነጽሩም በራሱ እጅ ለካ። አስራ ሁለት። ከዚያ እሷን በሜትሩ ለኳት፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት ሆና ተገኘች። መካኒኮቹ አጨበጨቡላት፣ ለምን እንዳጨበጨቡ ግን እነሱም አያውቁም።

"ጋሽዬ፣ እርስዎስ?" አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ሜትር እምቢ ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለመነጽሩ ለካ። "አንድ ሜትር ከስድሳ አንድ" አለ። አስራ አራት ዓመት ያለ አንድ ጭረት! ከመካኒኮቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላው አፉን በእጁ አፈነው። ጋሽ ሜትር ግን ሳቁን የሰሙም አይመስሉም፤ ዓይናቸው ውኃ ልክን አልፎ ከኋላዋ የቆመችውን ወጣት ነበር የሚያየው። ወዲያው ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

ቀይ እስክሪብቶው የዚያን ዕለት ሥራውን ሠራ። መስፈርቱ ተሰረዘ፣ ከመዝገቡ ላይ ባለፉት ዓመታት በቁመት የተመለሱት ሁሉ እየተፈለጉ ደብዳቤ ተላከላቸው። ዘጠኝ የነበረው ተፈታኝ ሠላሳ አንድ ሆነ። ቦታው ያው አራት ነው።

ወንድሟ ይህን ሲሰማ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ ሳይሆን ሠላሳ ጊዜ ደበደበው። "አፍሽን ብትይዢ ምን ትሆኚ ነበር? የሰው ወለል ምን አገባሽ?"

"ወንድም ጋሼ፣ ወለል አይተሽ ዝም እንዳትዪ ብለህ ያሳደግከኝ አንተ አይደለህም?"

"እሱ የምንሠራውን ወለል ነው!" ብሎ ጮኸ። አንድ ጊዜ ደግሞ ግድግዳውን መታ።

ፈተናውን ያወጣው ባለመነጽሩ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ አይቀር እስከ መጨረሻው ይስተካከል ብሎ። ተፈታኙ ዕጣ አውጥቶ ቁጥር ይይዛል፣ ስሙ አይነሳም። አውቶቡሱ መሀል ወለል ላይ አፉ ድረስ ውኃ የተሞላ ባልዲ ይቀመጣል፤ ይህ የጋራዡ የቆየ ልማድ ነው፣ የፈሰሰው ውኃ ነጥብ ይቀንሳል። አዲሱ ነገር መጋረጃው ነው። ጋሽ ሜትር ነጥብ የሚሰጡት ከመጋረጃ ጀርባ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ መስታወት አዙረው ነው። ማን እንደሚነዳ አያዩም። "ሙሽራ አደረጋችሁኝ!" እያሉ አጉረመረሙ፤ ተቀመጡ ግን። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የሊሾ ቀን ወዲህ ብዙም አይናገሩም ነበር።

ውኃ ልክ ሃያ ሦስት ቁጥር ደረሳት። ብርድ ልብሷን አነጠፈች፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበች፣ ነዳች። አደባባዩን ስታዞር ልቧ ድው ድው ይል ነበር፣ እጇ ግን ልቧን አልሰማውም። መጨረሻ ላይ አንድ ፍሬን ትንሽ ቸኮለባት፤ ከባልዲው ጠብ ሲል ሰማች። ያቺ ጠብታ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳቻት።

ውጤቱ የሚነበበው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ሠላሳ አንዱም ቆመዋል። ወንድሟ "እኔ ምን አገባኝ" ብሎ ሥራ ሄዶ ነበር፤ ግን እነሆ ከአጥሩ ውጪ፣ ሲሚንቶ እንደነካው፣ አንገቱን ከፍርግርጉ በላይ አስግጎ ቆሟል። ጋሽ ሜትር ወረቀቱን ዘረጉ።

"አንደኛ፣ ስምንት ቁጥር" አሉ። ከብዙ ቀን በኋላ ፊታቸው በራ። "ከባልዲው አንዲት ጠብታ አልወጣችም። አደባባዩን ሲያዞር ሆዴ እንኳ አልተነቃነቀም። ይህን ሰው ያስተማረ እጁ ይባረክ!"

"አሜን በል እንግዲህ፣ አባዬ" አለች አንዲት ድምፅ። "አንተ ነህ ያስተማርከኝ።"

ያቺ ባለወረቀቷ ወጣት ነበረች፤ ስምንት ቁጥር ደረቷ ላይ ተለጥፏል። ውኃ ልክ አፏን በእጇ ያዘች። ግቢው ሁሉ ሰውየውን ያያል። ጋሽ ሜትር ወረቀቱን አጠፉት።

"ሦስት ጊዜ መለስኩሽ" አሉ፣ ሰው መኖሩን ረስተው። "ለልጄም አላዳላሁም እያልኩ ስኮራ ሦስት ዓመትሽን በላሁት።"

"በላኸው፣ አዎ" አለች ልጃቸው፤ እሷም እያለቀሰች፣ እየሳቀች። መጥታ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ኮፍያቸው ወደቀ፣ ማንም አላነሳውም። መካኒኮቹ በዘይት እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ባለመነጽሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ሁሉም ሰው ጥሩ ሰው ሆነ።

ውኃ ልክም ደስ ብሏታል፤ ማን ደስ አይለው! ግን የቀሩት ሦስት ቁጥሮች እዚያ ወረቀት ላይ ታጥፈው ቀርተዋል። አባትና ልጅ ተቃቅፈዋል፣ ጊዜው ይነጉዳል፣ የሚያነብ የለም። ቻለች፣ ቻለች፣ አልቻለችም።

"ጋሽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለች፣ "ማልቀሱን ትንሽ ያቆዩትና ወረቀቱን ይጨርሱልን! የኛም ነፍስ ነፍስ ናት!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሜትርም ሳቁ፣ አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ልጃቸውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ አነበቡ። ሁለተኛ፣ አስራ ዘጠኝ ቁጥር። አንድ ወፍራም ሰውዬ ዘለለ። ሦስተኛ፣ አራት ቁጥር። ሌላ ጩኸት። ውኃ ልክ ያቺን ጠብታ አሰበች። ምነው ዝም ባልኩ የሚል ሐሳብ መጣባት፤ አባረረችው፣ ግን መጥቶ ነበር።

"አራተኛና የመጨረሻ" አሉ ጋሽ ሜትር። "ሃያ ሦስት ቁጥር።"

አሁን ልትጮህ ይገባ ነበር። እጇን ብቻ አነሳች፤ እጇ የፊተኛው ሰው ትከሻ ጋ ቀረ። ጋሽ ሜትር ከሰዉ አናት በላይ አዩ፣ ወዲያም ወዲህም አዩ። "ሃያ ሦስት! የለም እንዴ?"

"አለች!" የሚል ድምፅ ከአጥሩ ወዲያ ግቢውን አናወጠው። ወንድሟ ፍርግርጉ ላይ ወጥቷል፣ ሲሚንቶ በነካው ጉንጩ ላይ እንባው መንገድ አውጥቷል። "አለች እንጂ! እህቴ ናት! እባካችሁ ጎንበስ በሉላት፣ ጎንበስ ስትሉ ትታያለች!"

ሠላሳውም ሰው ጎንበስ አለ፤ ውኃ ልክ ብቻዋን ቆማ ታየች።